ጤና ከደጃፍ ይጀምራል

ስለ አገሮች የሕክምና ሥርዓትና ስለ ዕለት ኑሯችን ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የቀረበ ትምህርት

መግቢያ



እንደ አባቶቻችን ሥርዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማችንን በደጃፍ እናወልቃለን። ስለዚህም በገጠር ጸሎት ቤት ለዓመታት ያገለገለ ካህን ሳያስበው የሕዝቡን እግር ያውቃል። ማን የቆዳ ጫማ፣ ማን ኮንጎ፣ ማን በረባሶ አውልቆ እንደገባ፣ ማንስ የሚያወልቀው እንዳልነበረው ያያል።

እኔም ካህን በሆንሁባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዲት እናት ዘወትር ከሰው ሁሉ ኋላ መጥተው በበሩ አጠገብ ሲቀመጡ አይ ነበር። እግራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ፤ ሕዝቡ ሳይወጣም ቀድመው ይሄዳሉ። ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች አብጠው፣ ቆዳቸውም ሻክሮ ነበር። አንድ ቀን ስለ ሕመማቸው ሲያጫውቱኝ «እናቴ፣ መስቀልዎን በትዕግሥት ይሸከሙ» ብዬ አሰናበትኋቸው። በምክሬ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ እውቀትም ግን አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሴት ልጃቸው ታጭታ ሳለ የልጁ ወገኖች የእናቲቱን እግር አይተው «በዘር የሚወርድ ነው» በማለት ነገሩን አፈረሱት። ልጅቱ ያን ጊዜም በባዶ እግሯ ውኃ ትቀዳ ነበር። ይህን እያየሁ አንድም ቃል አልተናገርሁም፤ የምናገረውን አላውቅም ነበርና።

በኋላ የሕመሙን ምንነት ያስረዳችኝ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ያስተማረችኝን ከዚህ በታች እጽፋለሁ። በቅድሚያ ግን ሁለት ጥያቄዎችን እናንሣ። አንደኛው፦ ልዩ ልዩ አገሮች የታመመ ዜጋቸውን የሚያሳክሙት በምን ሥርዓት ነው? ሁለተኛው፦ ሰው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ጤናውን የሚወስነው ምንድን ነው? ሁለቱን ለይቶ ማየትና መልሶ ማገናኘት የዚህ ትምህርት ዓላማ ነው።

1. ለታመመው የሚከፍለው ማን ነው?

ሕክምና ገንዘብ ይጠይቃል። ሐኪሙ ደመወዝ፣ መድኃኒቱ ዋጋ፣ ቤቱም መብራትና ውኃ ያስፈልገዋል። በዓለም ላይ ያሉት ሥርዓቶች በዝርዝር ብዙ ቢሆኑም ይህን ወጪ የሚሸፍኑባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የመዋጮ መንገድ ነው። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1883 በቢስማርክ ዘመን በወጣው ሕግ ሠራተኛውና አሠሪው በየጊዜው ወደ አንድ የሕመም መድን ሣጥን ያዋጡ ጀመር። ከዚያም የታመመው ሠራተኛ ከሣጥኑ ይታከማል። ይህ ሥርዓት እየሰፋና እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ሁለተኛው የግብር መንገድ ነው። በብሪታንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተቋቋመ። ወጪው በዋነኛነት ከሕዝቡ ግብር ስለሚሸፈን ድሀም ባለጠጋም ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ለምርመራው ሒሳብ አይጠየቅም።

ሦስተኛው እያንዳንዱ ከኪሱ የሚከፍልበት መንገድ ነው። ይህ በእውነቱ ሥርዓት ሳይሆን የሥርዓት መታጣት ነው፤ ሰው ገንዘብ በሌለው ጊዜ ይታመማልና። የገጠር ገበሬ ሲታመም በሬውን ይሸጣል፣ መሬቱን ያከራያል፣ ወይም አራጣ ይበደራል። ድኖ ቢመለስ እንኳ በሬ አልባ ሆኖ ክረምቱን ይቀበላል። በሽታው ከቤቱ ወጥቶ ድህነቱ ይቀራል።

በአገራችን ለዘመናዊ ሕክምና መነሻ ሆነው ከሚጠቀሱት አንዱ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ወደ አዲስ አበባ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ነው። ይሁን እንጂ ሕክምናው ለረጅም ዘመን በከተማ ተወስኖ ቆየ። ከደብረ ማርቆስ ርቆ በሚገኝ መንደር የሚኖር ሰው በቃሬዛ ተይዞ፣ ቁልቁለቱን ወርዶና ዳገቱን ወጥቶ ነበር ሐኪም የሚያየው። ዛሬም ቢሆን ቃሬዛው ከመንደሮቻችን አልጠፋም።

ይህን ችግር ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2011 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በሙከራ ተጀመረ፤ ቀጥሎም ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፋ። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ ከቤተሰቡ የታመመው ሁሉ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በመድኑ ይታከማል። መክፈል ለማይችሉ ድሆች ደግሞ መንግሥት እንዲከፍል ታስቦ ተዘጋጅቷል። የሩዋንዳ ሕዝብም ከ1994ቱ እልቂት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በጥቂት ወረዳዎች ተመሳሳይ መድን ጀምሮ ዛሬ አብዛኛው ሕዝብ በእርሱ ታቅፏል። ባለጠጋ ያልሆነ አገርም በመተባበር ብዙ መሥራት እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ለእኛ ለጎጃሞች ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ዕድርን እናውቃለን፤ ደቦን እናውቃለን። ዕድራችን የሞተውን በክብር ይቀብራል። የጤና መድን ደግሞ ሰው ሳይሞት እንዲደረስለት የሚዋጣ ዕድር ነው። እርግጥ ነው፣ መዋጮውን ከፍሎ ወደ ሕክምና የሄደ ሰው መድኃኒቱ ጠፍቶ «ከውጭ ግዛ» ሲባል ያዝናል፤ ቅሬታውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን የሚበጀው ቅሬታውን በስብሰባ ማቅረብና አሠራሩ እንዲታረም መጠየቅ ነው። ሁሉም ከመድኑ ቢወጣ የምንመለሰው በሬ ወደሚሸጥበት ገበያ ነው።

2. ብዙ የሚያወጣ ሁሉ ብዙ ዘመን አይኖርም

እስካሁን ያየነው ስለ ገንዘብ ነው። ታዲያ ብዙ ገንዘብ ለሕክምና የሚያወጣ አገር ሁልጊዜ ጤናማ ሕዝብ አለውን? መልሱ አይደለም ነው።

አሜሪካ ከዓለም አገሮች ሁሉ ይልቅ ለሕክምና ብዙ ገንዘብ ታወጣለች፤ ከዓመታዊ ምርቷ ከ100 እጅ 17 እጅ ገደማ የሚሆነው ለዚሁ ይውላል። ታላላቅ ሆስፒታሎችና ጠበብት ሐኪሞች ያሏት አገር ናት። ሆኖም የሕዝቧ አማካይ ዕድሜ ከሌሎቹ ባለጠጎች አገሮች ያንሳል። ምክንያቱም ብዙ ነው፦ መድን የሌላቸው ዜጎች መኖራቸው፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ሱስ የሚያስይዙ መድኃኒቶች፣ የጦር መሣሪያ አደጋ፣ የመኪና አደጋ፣ በድሀና በባለጠጋ መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት። ወደዚያ የሄዱ ወገኖቻችን እንደሚነግሩን፣ ቀኑን ሙሉ በመኪና እየሄዱ፣ ጣፋጭና ቅባት እየበሉ መኖር በአገር ቤት የማያውቁትን የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ያስከትላል። ይህ ኑሮ ዛሬ ወደ ከተሞቻችንም እየገባ ነው።

በአንጻሩ በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኘውን ትንሿን ኮስታ ሪካን እንመልከት። ለአንድ ሰው የምታወጣው የሕክምና ገንዘብ ከአሜሪካ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። የሕዝቧ አማካይ ዕድሜ ግን ከአሜሪካ ጋር እኩል ወይም ከዚያ የበለጠ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ1941 የማኅበራዊ መድን ድርጅት አቋቋመች፤ በ1948 የጦር ሠራዊቷን አስቀርታ ለትምህርትና ለጤና ትኩረት ሰጠች። በ1970ዎቹ ደግሞ የጤና ሠራተኞቿ በገጠር ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ክትባት ሰጡ፣ የመጠጥ ውኃንና መጸዳጃን ተቆጣጠሩ፣ እናቶችን አስተማሩ። ጤናው በሽተኛውን ፍለጋ ወደ ቤቱ ሄደ እንጂ በሽተኛው እስኪመጣ በሆስፒታል ተቀምጦ አልጠበቀም።

እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ ከተማ የተሰበሰቡት የዓለም መንግሥታት ተወካዮች ያወጡት መግለጫም ይህንኑ መሠረታዊ የጤና እንክብካቤ ዋና መንገድ አድርጎ ያቀርባል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመረች። ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመድበው ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወባ፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና በየቤቱ ማስተማር ያዙ። ከዚህም ጋር ሌሎች ምክንያቶች ተጨምረው ፍሬው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2019 ጥናት ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። 59 ሕፃናትም ብዙ ናቸው፤ ሆኖም በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ስንት የእናት ለቅሶ እንደቀረ አስቡ።

3. እግርና ቀይ አፈር

አሁን በበሩ አጠገብ ይቀመጡ ወደነበሩት እናት እንመለስ።

በደጋው ጎጃም የሚታየው የእግር እብጠት በተለምዶ ዝሆኔ ይባላል። ይህ ስም ግን ከአንድ በላይ ለሆኑ ሕመሞች ይሰጣል። በቆላ፣ ትንኝ በምታስተላልፈው ትል የሚመጣ አለ። በእኛ ደጋ ያለው በአብዛኛው ከዚያ የተለየ ሲሆን ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ ቃሉም በግሪክኛ እግርንና አቧራን ከሚያመለክቱ ቃላት የተገኘ ነው።

ሕመሙ የሚመጣው እንዲህ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ በተገኘው፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ባለው ቀይ ሸክላማ አፈር ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። ሰው ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ ሲያርስ፣ ሲያርምና ሲጓዝ ቅንጣቶቹ በእግሩ ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን መተላለፊያዎችም ያቆስላሉ፣ ይዘጋሉም። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። ከጊዜ ወደ ጊዜም ትኩሳትና ብርቱ ሕመም እየተነሣ ሰውን ከሥራ አውሎ አልጋ ላይ ይጥለዋል።

እንግዲህ ይህ ሕመም እርግማን አይደለም፤ መተት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መቀመጥ፣ እጅ መጨባበጥ አያስይዝም። «በዘር ይወርዳል» ለሚለውም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ሥራ ያለበት ጥናት፣ አንዳንድ ቤተሰቦች በተፈጥሯቸው ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ነገር ግን ገለባ ምንም ቢደርቅ እሳት ካልነካው አይነድድም። ከተጋላጭ ቤተሰብ የተወለደ ልጅም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ ሕመሙ አይደርስበትም። ያቺ ልጅ ልትተው የሚገባት ባዶ እግሯን መሄዷን ነበር እንጂ እርሷ ልትተው የሚገባት አልነበረችም።

የችግሩን ስፋት ለመገመት፣ በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 100 ሰዎች ከ3 የሚበልጡት ሕመሙ እንዳለባቸው አረጋግጧል። በመላው አገሪቱ የሕሙማኑ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ይገመታል።

አሁን አገሮችን እናነጻጽር። ይህ ሕመም በአንድ ወቅት በሞሮኮ፣ በአልጄሪያ፣ በቱኒዝያና በካናሪ ደሴቶች ነበረ። ዛሬ ከዚያ ጠፍቷል። ያጠፋው አዲስ መድኃኒት ወይም ክትባት አይደለም፤ ሕዝቡ ሁሉ ጫማ ማድረግ ስለ ጀመረ ጠፋ። አፈሩ እዚያው አለ፤ እግሩ ግን ተሸፈነ።

ለታመመውም ተስፋ አለ። በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ግማሾቹ እግራቸውን በየቀኑ በሳሙና መታጠብን፣ ቅባት መቀባትን፣ በፋሻ መጠቅለልንና እግርን ማንቀሳቀስን ተምረው ካልሲና ጫማ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹም ከአንድ ዓመት በኋላ ይኸው ተደረገላቸው። በዚያ ዓመት ውስጥ ትምህርቱን ያልጀመሩት እያንዳንዳቸው በአማካይ 24 ጊዜ ያህል ሕመሙ ሲነሣባቸው፣ በጀመሩት ላይ 19 ጊዜ ያህል ተነሣ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ለገበሬ ግን ብዙ የሥራ ቀን ነው። ይህን ያተረፈውም ውኃ፣ ሳሙናና ጫማ ነው።

ስለ ጫማም አንድ ነገር ልጨምር። በመንደራችን ብዙ ሰው ጫማውን ለገበያና ለበዓል ያስቀምጣል፤ ጭቃ ሲሆንም አውልቆ በእጁ ይይዘዋል። ጫማው እንዳያረጅ እግሩ ያረጃል። ጫማ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በእርሻና በጭቃ ላይ ነው። ክፍት ጫማ ከባዶ እግር ቢሻልም አፈር ያስገባልና፣ የቻለ ሽፍን ጫማ ያድርግ፤ ያልቻለም ማታ ማታ እግሩን በሳሙና ታጥቦ በጣቶቹ መካከል በደንብ ያድርቅ።

4. ዓይንና ውኃ

ሁለተኛው ምሳሌ ትራኮማ ነው። ክልላችን በዓለም ላይ ይህ የዓይን ሕመም እጅግ ከበረታባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ሕመሙ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን ይተላለፋል፤ ለዓመታት ሲደጋገምም የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፣ ሽፋሽፍትም የዓይንን ብሌን እየፋቀ ያሳውራል።

መከላከያው አራት ክፍል አለው፦ ለታጠፈው ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ ለሕዝቡ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ንጽሕና። በክልላችን መድኃኒቱ ለብዙ ዓመታት በሰፊው ታድሏል፤ ብዙ ጥቅምም ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ከአሥር ዓመት የሚበልጥ እደላ ከተደረገ በኋላም በብዙ ወረዳዎች ሕመሙ አልጠፋም። ሞሮኮ አራቱን አብራ በመሥራቷ፣ ውኃንም ለገጠር በማዳረሷ እ.ኤ.አ. በ2016 ትራኮማ የማኅበረሰብ ችግር መሆኑ እንዳበቃ የዓለም ጤና ድርጅት አረጋገጠላት፤ ጋና በ2018 ተከተለች። መድኃኒት የዛሬውን ተሕዋስ ይገድላል፤ ነገ ልጁ ፊቱን ሳይታጠብ ከዋለ ሕመሙ ይመለሳል። ስለዚህ ከምንጩ እስከ ቤት ያለው ርቀት፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱ መኖርና አለመኖር፣ በእናት ጫንቃ ላይ ያለው እንስራ፣ እነዚህ ሁሉ የሕክምና ጉዳዮች ናቸው።

5. አንዱን በሌላው አንተካ

ከዚህ በላይ የተባለውን ሰምቶ «እንግዲያስ ንጽሕና ካለን ሐኪም አያስፈልገንም» የሚል ቢኖር ትምህርቱን አልተረዳም። ምጥ የጸናባት እናት በእግር መታጠብ አትድንም፤ የሚያስፈልጋት አዋላጅ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ነው። የሰነበተ ሳል ያለበት ሰው መመርመር አለበት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት የጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፤ ክትባትም እንዲሁ።

ደግሞም ጸሎትንና ሕክምናን የሚያጣሉ ሰዎች አሉ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበርን፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተገኘ መሆኑን ያስተምራል። ወደ ጠበል የሚሄድ ወንድማችን ቢኖር በእምነቱ አንንቀፈው፤ የጀመረውን መድኃኒት እንዳያቋርጥ ግን በፍቅር እንምከረው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ መድኃኒት የሚዘገይበት፣ ሕመምተኛም በጊዜ ሐኪም ዘንድ የማይደርስበት ቀን በዝቷል። ይህን ችግር የእኛ ሳሙናና ጫማ አይፈታውም። ነገር ግን መንገድ በተዘጋበት ቀን በእጃችን የሚቀረው በደጃፋችን ያለው ነው፤ ያንን ደግሞ አስቀድሞ የተማረ ይጠቀምበታል።

ማጠቃለያ

ከአገሮች ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ለሕመም ቀን በጤና ቀን በጋራ ማዋጣት ይገባል። ሁለተኛ፣ ጤና ወደ ድሀው ቤት ሲሄድ ርካሽ ይሆናል፤ ድሀው እስኪመጣ ሲጠበቅ ግን ውድ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ሰዎች ስለማያውቁ ብቻ «ዕጣ ፈንታ ነው» ብለው የተዉት ሥቃይ ብዙ ነው።

እነዚያ እናት ዛሬም አሉ። እግራቸው እንደ ልጅነታቸው አልሆነም፤ ሊሆንም አይችልም። ማታ ማታ ግን በገበቴ ታጥበው፣ ቫዝሊን ተቀብተው፣ ከፍ አድርገው ያሳርፉታል፤ ሕመሙም እንደ ቀድሞው አይመላለስባቸውም። እሑድ እሑድ ካልሲያቸውን እንዳደረጉ ከሴቶቹ መካከል ይቀመጣሉ። ልጃቸውም ጫማ ታደርጋለች። ይቅርታ በጠየቅኋቸው ጊዜ «አባ፣ እርስዎም አላወቁ፣ እኔም አላወቅሁ» አሉኝ። ቃላቸው አጽናንቶኛል፤ ዛሬ ለምናውቀው ለእኛ ግን ይህ ምክንያት ከእንግዲህ አይሠራም።

በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የምእመናንን እግር ሲያጥብ በየዓመቱ እናያለን። በዚህ ቀይ አፈር ላይ ለሚኖር ሕዝብ ሥርዓቱ ምን ያህል የቀረበ እንደሆነ እናስተውል። በየመንደራችን ሊታጠብ የሚጠብቅ እግር አለ።

ለካቴኪስቶች የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጀርመን፣ በብሪታንያና በአገራችን የጤና መድን መካከል ያለው አንድነትና ልዩነት ምንድን ነው? ከዕድራችንስ ጋር በምን ይመሳሰላል?

2. ኮስታ ሪካ በጥቂት ገንዘብ ብዙ ጤና ያገኘችው እንዴት ነው? ከእርሷ በመንደራችን ልንጀምረው የምንችል አንድ ነገር ጥቀሱ።

3. በቁምስናችሁ እግሩ ያበጠ ሰው አለ? ከማኅበር፣ ከሠርግ ወይም ከጸሎት ራሱን ያርቃልን? የሚያርቀው ሕመሙ ነው ወይስ የእኛ ዓይን?

4. «በዘር የሚወርድ ነው» ብሎ ጋብቻ ለሚከለክል ቤተሰብ ምን ትመልሳላችሁ?

5. ለሚቀጥለው ወር፦ ከቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ስለ እግርና ስለ ፊት ንጽሕና እንድታስተምር ጋብዟት። ባዶ እግራቸውን የሚመጡትን ሕፃናት ቁጠሩ፤ ቁጥሩንም ለቁምስናው ጉባኤ አቅርባችሁ ጫማ የሚገዛበትን መንገድ አብራችሁ ምከሩ።